ቆንጆ ነው፤ ግን እሷ አይደለችም

ወንድሜ አሜሪካ ከገባ ሃያ ሦስት ዓመት አለፈው። አምና ደውሎ «እማዬን ደህና ፎቶ ቤት ውሰጂልኝ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ትነሣ፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» አለኝ። ለምን እንደፈለገው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የሰማንያ አምስት ዓመቷ እናቴ ግን ነገር አያመልጣትም። «ለቀብሬ ነው አይደል? ደግ አስቧል። የሰው ሁሉ ጉርድ ፎቶ በግድ ተለጥጦ ከሬሳ ሳጥን ፊት ሲሄድ ሳይ ያሳዝነኛል» ብላ የክት ቀሚሷን ከሳጥን አወጣች።

እውነቷን ነው። ሞት ድንገት ነውና ቤተሰብ በዚያ ጭንቀት መሀል አልበም ሲያተራምስ ያድራል። የሚገኘው ወይ የመታወቂያ ጉርድ ነው፣ ወይ ከሠርግ ፎቶ ላይ ተቆርጦ የሌላ ሰው ትከሻ አብሮት የቀረ። ሃምሳ ዓመት በትዳር የኖረ፣ ስንት ልጅ ያሳደገ ፊት መጨረሻው አንድ የደበዘዘ ጉርድ ይሆናል።

ሄድን። ፎቶ ቤቱ ዘመናዊ ነው፤ ትልልቅ መብራት፣ ነጭ ጃንጥላ፣ ከጣሪያ የሚወርድ መጋረጃ አለው። ወጣቱ ፎቶ አንሺም ትሁት ልጅ ነው። «እማማ እዚህ ይቀመጡ፤ አገጭ ቀና፤ ፈገግ ይበሉ!» ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ሠላሳ ጊዜ ያህል አነሣት። አምስት ደቂቃም አልፈጀ። በሦስተኛው ቀን ከነፍሬሙ ተቀበልኩ።

ሲያምር! መጨማደድ የለ፣ ጥቁረት የለ፣ ፊቷ ሁለት ደረጃ ቀልቷል። በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለጥፈው ከቨርጂኒያም ከዱባይም ልብና አበባ ዘነበ። «እማማ ሃያ ዓመት ወርዶላታል!» ተባለ። አልዋሽም፤ እኔም አንድ ቀን ሙሉ ወድጄዋለሁ።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ ትክ ብላ አየችውና «ይቺ ማናት?» አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። «አንገቴን ምን አደረጋችሁት?»

ለካ ንቅሳቷ የለም! ጎጃም ሳለች፣ ገና በልጅነቷ፣ ሁለት ሴቶች ይዘዋት የተነቀሰችው፣ አንገቷን የከበበው ሰማያዊ መስመርና ከአገጯ ሥር ያለችው ትንሽ መስቀል ድራሻቸው ጠፍቷል። ለወጣቱ ደወልኩለት። «እናቴ ይቅርታ፤ አብዛኛው ሰው አጥፋልኝ ስለሚለኝ ነው ሳልጠይቅ ያጠፋሁት» አለኝ። ልጁ ላይ ብዙ አልፈረድኩም። የለመደው ደንበኛ የሚወደውን ነው የሠራው።

ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ሰው «ይህ ፎቶ ያምራል» ሲል ምን አይቶ ነው? በዚህ ፍርድ ውስጥ የፎቶ አንሺው ሙያ ድርሻው ምን ያህል ነው?

ሰፈራችን ውስጥ አርባ ዓመት ያህል በፎቶ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ አባት አሉ። እኛ «ጋሼ ፎቶ» ነው የምንላቸው። አንድ እሑድ ቡና አፍልቼ እሳቸውንም ጎረቤቶቼንም ጠራሁ። ከአልበሜ ሰባት ፎቶ መርጬ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩና «ከእነዚህ የትኛው ያምራል?» አልኳቸው። ጥናት አካሄድኩ እያልኩ አይደለም፤ ስድስት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ በሦስት ስኒ ቡና ላይ የተናገሩት ነው።

ሁለቱ የልጄን የሠርግ ፎቶ አነሡ። «ሙሽራዋ ስታምር!» ነው ምክንያቱ። አንዷ የልጅ ልጄን አነሣች፤ ሕፃን ነውና ማን ይፈርድባታል። አንዷ ደግሞ በቅርቡ ያሳተምኩትን ትልቁን የቡድን ፎቶ ይዛ «ጥራቱን እዩልኝ» አለች። የቀሩት ሁለቱ፣ በዕድሜ የገፉት፣ አንዲት ትንሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዘው እንባ አቀረሩ። ከብዙ ዓመት በፊት ያረፈች ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ የተነሣችው ነው። «ነፍሷን ይማረውና እሷን አይደለችም እንዴ!» እየተባባሉ ፎቶውን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት። ቡና የምትቀዳው የልጄ ሚስት ያንኑ ፎቶ ቀደም ብላ አይታ አልፋው ነበር። ሴትዮዋን አታውቃትም።

ልብ ብላችሁ ከሆነ አንዳቸውም ስለ ፎቶ አንሺው አላነሡም። ስለ ሙሽራዋ፣ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ወረቀቱ ጥራትና ስለ ሟቿ ነው የተናገሩት። ወጥ ሲጣፍጥ «እጅሽ ይባረክ» እንላለን፤ ፎቶ ሲያምር ግን «ካሜራው ምንድን ነው?» ብለን ነው የምንጠይቀው።

ጋሼም የመረጡት ያችኑ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ሴትዮዋን ግን በሕይወቷ አይተዋት አያውቁም፤ ወደ ሰፈራችን የመጡት ከሞተች በኋላ ነው። የልጄን ሚስት ጠሯትና «ልጄ፣ ነይ እዪልኝ» አሏት። ብርሃኑ በአንድ ጎን ከበሩ በኩል መምጣቱን፣ ግማሽ ፊቷ ደምቆ ግማሹ ጥላ በመሆኑ የጉንጯ አጥንት ተነሥቶ መታየቱን፣ ከኋላዋ ያለው ቤት ጨለማ ስለሆነ ነጠላዋ መብራት መስሎ መውጣቱን አንድ በአንድ አሳዩዋት። በመጨረሻ በሩ መቃን ላይ ያረፈውን እጇን በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት። «አሁን ተራ ሴትዮ ሆነች አይደል?» ጣታቸውን አነሡ። «አሁንስ?» ልጅቷ ፎቶውን ተቀብላ ጀበናው እስኪገነፍል ድረስ ስታየው ቆየች።

በሥነ ልቦና ትምህርትም የታወቀ ነገር ነው። ያልሠለጠነ ዓይን በቅድሚያ የሚያየው በፎቶው ውስጥ ያለውንና በእሱ ላይ ያለውን ስሜት ነው፤ የሠለጠነ ዓይን ግን እንዴት እንደተሠራም አብሮ ያያል። በዚያ ላይ ዓይናችን የለመደውን ይወዳል። ሮበርት ዛዮንክ የሚባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጽሑፍ ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር፣ ሌላ ምክንያት ባይኖረውም፣ እየወደደው እንደሚሄድ አሳይተዋል።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ «እኔ ፎቶ ላይ አላምርም» ይላል። የዚህም መልስ ከዚያው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1977 በዊስኮንሲን፣ አሜሪካ፣ የተሠራ አንድ ጥናት ነበር። ተማሪዎች ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ያው ፎቶ በሁለት መልክ ታተመ፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው እንደ መስታወት ግራና ቀኙ ተገልብጦ። ተነሺዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የወደዱት የተገለበጠውን ነው፤ ጓደኞቻቸው ደግሞ ያልተገለበጠውን። እኛ ራሳችንን ዕድሜ ልካችንን የምናውቀው በመስታወት ነዋ! ጓደኛ ግን ፊት ለፊት ነው የሚያየን። ስለዚህ «አላምርም» ብለው ከፎቶ የሚሸሹ አያት ካሉ፣ እርስዎ የጠሉትን ያንን ፊት ልጆችዎ የሚያውቁትና የሚወዱት ፊት ነው።

ለልጅ ልጆቻችን የሚሆን ሌላም ጥናት አለ። ልጃገረዶቹ ስልኩን አፍንጫቸው ሥር ይደግኑና «አፍንጫዬ ትልቅ ነው» ብለው ያለቅሳሉ። የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ስሌት፣ ፎቶው ከሠላሳ ሴንቲሜትር ርቀት ሲነሣ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ቀረብ ያለ ነገር ትልቅ ይመስላል፤ ከፊት ሁሉ ደግሞ ለካሜራው የሚቀርበው አፍንጫ ነው። በሌላ አገር በዚህ የተነሣ አፍንጫቸውን ሊያስቆርጡ ሐኪም ዘንድ የሚሄዱ አሉ። ጋሼ ይህን ስነግራቸው «እኛ እኮ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂድ ነበር የምንባለው፤ ከዚያ በላይ ትምህርት የለም» ብለው ሳቁ። ነገሩን አቃለሉት እንጂ የት መቆም እንደሚገባ ማወቅ ራሱ የሙያው ግማሽ ነው።

ከሁሉ በላይ የነካኝ የቀለም ነገር ነው። የድሮ የቤተሰብ ፎቶ አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ በተለይ በበዓል ቀን ሁሉም ነጭ ለብሶ የተነሣውን። ነጠላው ይታያል፣ ጥርስ ይታያል፣ ፊቱ ግን ከሰል ነው። እኔ ሁልጊዜ «ጥቁር ስለሆንን ነው» እል ነበር። ጋሼ ሰደቡኝ ማለት ይቻላል። «እሱ የእናንተ ጥቁረት አይደለም፣ የፎቶ አንሺው ስንፍና ነው!» ነገሩ እንዲህ ነው፦ ካሜራው ብርሃኑን የሚለካው በአንድ ላይ ደምሮ ነው። ብዙ ነጭ ልብስ ሲያይ «በዛ» ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል። ነጠላው ልኩን ያገኛል፤ ፊቱ ይጨልማል። ሙያ ያለው ሰው መሣሪያው የነገረውን ትቶ ፊትን ይለካል። ዛሬም በስልካችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ከማንሣታችሁ በፊት በጣታችሁ የሰውየውን ፊት ንኩ፤ የፀሐይ ምልክት ብቅ ካለ ትንሽ ወደ ላይ ሳቡት። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ በየድግሱ «ፊታቸውን ንካ! ፊታቸውን!» እያልኩ የሰው ልጆች አስቸግራለሁ።

የቀለም ፊልም ግን ከመጀመሪያውም ለእኛ ተብሎ አልተሠራም። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ ብሎ ይልክ የነበረው ካርድ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። «ሸርሊ ካርድ» ይሉታል። እሷ አምራ ከወጣች ቀለሙ ልክ ነው ማለት ነው። ለብዙ ዓመታት መለኪያው ይኸው ነበር። ፊልሙ ቡናማን ነገር በደንብ እንዲያሳይ ግፊት ካደረጉት መካከል ጥቁር ሰዎች ሳይሆኑ ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ የሚሸጡ ድርጅቶች ነበሩ፤ የቸኮሌቱና የእንጨቱ ዓይነት በማስታወቂያ ላይ አልለይ እያለ ስላስቸገራቸው! የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች ካርዱ ላይ የወጡት ቆይቶ ነው። ጉግልም የጠቆረ ቆዳን በትክክል ያሳያል ያለውን የስልክ ካሜራ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። እንግዲህ ስንት ትውልድ «ፎቶ ላይ አላምርም» እያለ ሞተ?

ነርስ ነኝና ይህን ስሰማ የመጣብኝ ሥራዬ ነው። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ስንት አራስ ሕፃን ታቅፌ ወደ መስኮት ሄጃለሁ! ሕፃኑ ቢጫ ሆኗል ወይስ አልሆነም የሚለውን በአምፖል ብርሃን መፍረድ አይቻልም፤ አምፖሉ ራሱ ቢጫ ነው። በቀን ብርሃን፣ ቆዳውን በጣት ጫን አድርገሽ ለቀቅ ስታደርጊ ነው እውነቱ የሚታየው። ደም ያነሳት እናትም እንዲሁ ናት፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጠሽ፣ መዳፏን ዘርግተሽ፣ ወደ ብርሃን አዙረሽ ነው የምታውቂው። የቆዳችን ጥቁረት ማየት ከሚችል ሰው ምንም አይደብቅም። ብርሃን ብቻ ይፈልጋል፤ ጊዜም ይፈልጋል።

ጋሼ ስለ አንድ የማሊ ሰው ነገሩኝ። ሰይዱ ኬይታ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፈተ። መጀመሪያ ላይ ከጀርባ የሚሰቅለው መጋረጃ አልነበረውምና የራሱን የአልጋ ልብስ ሰቀለ። የሚሠራው በአብዛኛው በቀን ብርሃን ነው፤ ፊልም ውድ ስለነበር ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ያነሣ ነበር። ኮት የሌለው ኮት ይዋሳል፣ ሰዓት የሌለው ሰዓት ያስራል። ሰውየውን ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ያስቀምጠዋል። ደንበኞቹ የባማኮ ነጋዴዎች፣ ሙሽሮች፣ እናቶች ናቸው፤ ሁሉም ለዘመድ የሚላክ ፎቶ ፈልገው የመጡ። እ.ኤ.አ. በ1991 ፎቶዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ኤግዚቢሽን ላይ ታዩ። ሥራቸው «ፎቶ አንሺው ያልታወቀ» ተብሎ ነበር የተጻፈው። የተነሺዎቹም ስም አይታወቅም። ቢሆንም አላፊ አግዳሚው ከፎቶዎቹ ፊት ቆሞ ቀረ። ማን አነሣቸው ብሎ ባማኮ ድረስ የሄደ ሰው ነው ኬይታን ያገኘው።

ይህን ስሰማ የቡናችን ወግ ተፈታልኝ። ለዘመድ ማንኛውም ፎቶ ያምራል። የደበዘዘ፣ የተቀደደ፣ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ቢሆንም የጎደለውን ከልባችን እንሞላዋለን። ሁለቱ ጎረቤቶቼ ሟቿን የወደዱት ፎቶ አንሺ ቢኖርም ባይኖርም ነው። ሙያ የሚያስፈልገው ለማያውቃት ለልጄ ሚስት ነው። የእናቴን ፎቶ የሚያየው ማነው? ዛሬ እኛ ነን። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን በዚያ ፍሬም ፊት የሚቆሙት ሁሉ ድምጿን ያልሰሙ፣ እጇን ያልሳሙ ልጆች ናቸው።

ኤዲት የሚያደርጉትን ሁሉ መኮነኔ እንዳይመስል። ጋሼ ራሳቸው በወጣትነታቸው ኔጋቲቩ ላይ በሾለ እርሳስ የሰው መጨማደድ ይሞሉ ነበር። ሙያውን ያስተማሯቸው ሰው በዘመኑ ስም ከነበራቸው የአርመኖች ፎቶ ቤት የወጡ ናቸው። ከአፄ ምኒልክ ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ሲያነሡ የነበሩት የቦያጂያን ቤተሰብ አባላትም አርመን እንደነበሩ የሚያውቅ ያውቃል። ጥቁርና ነጩን ፎቶ በእጃቸው ቀለም ቀብተው ከንፈር ያቀሉም ነበር። «ብጉር አጠፋ ነበር፤ ብጉር ነገ የሚሄድ ነገር ነው። ጠባሳ ግን አልነካም፤ ጠባሳ የሰውየው ነው» አሉኝ። ይህቺን ደብተሬ ላይ ጽፌያታለሁ።

በኋላ ለመንኳቸው። እማዬ መጀመሪያ እንቢ አለች። «አንድ ጊዜ ሌላ ሴት አድርጋችሁኛል፤ ይበቃኛል» አለች። ጋሼ «እትዬ፣ ፎቶውን ተይው፤ ቡና ልጠጣ ብዬ ነው የመጣሁት» ብለው ገቡ። እውነትም ቡና ጠጡ። ካሜራቸው አሥር ዓመት ያለፈው ዲጂታል ነው፤ ሶፋው ላይ ጣል አድርገውት ስለ ጎጃም፣ ስለ ገብስ ጠላ፣ ስለ ዓባይ ሙላት ሲያወሩ አንድ ሰዓት አለፈ። እኔ ትዕግሥቴ አለቀ። በኋላ ነው የገባኝ። እኛስ መርፌ ለመውጋት የመጣ ልጅን «ስምህ ማነው? ስንተኛ ክፍል ነህ?» የምንለው ለምን ነበር? ጡንቻው እንዲላላ አይደል? የተጨነቀ ጡንቻ መርፌ ይሰብራል፤ የተጨነቀ ፊትም ፎቶ ያበላሻል።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን ተነሥተው የመስኮቱን ወፍራም መጋረጃ ከፈቱ፣ ስሱን ተዉት። ወንበሯን በጎን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መብራቱን አጠፉ። ከወዲያኛው ጎኗ የኔን ነጭ አንሶላ ወንበር ላይ አንጠለጠሉ፤ ብርሃኑን መልሶ ጥላውን እንዲያለሰልሰው ነው። ከዚያ ካሜራውን ይዘው ዝም አሉ። እማዬ አያቸው፣ አዩዋት።

«እትዬ፣ ያንን አንገት ማን ነቀሰሽ?» አሉ በድንገት።

አገጯን ቀና አደረገች። ኩራትም፣ የዚያ ቀን ሕመምም፣ ትንሽ ሳቅም በፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁ። ቀጭ አለ። ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ ሦስት ፎቶ፣ አበቃ። የመረጡት የመጀመሪያውን ነው።

በዚህኛው ፎቶ እማዬ አትስቅም። ጥቁር ናት፣ እንደሆነችው። ግንባሯ ላይ ያለው መስመር ሁሉ አለ፤ ግራ ዓይኗ ከሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምናው በኋላ ትንሽ የጠበበው ሳይቀር። ነጠላዋ ነጭ ነው፣ ፊቷም ይታያል። አንገቷ ሙሉ ነው።

ሁሉም ወደደው ብላችሁ አትጠብቁ። የእህቴ ልጅ ከቨርጂኒያ «የፊተኛው ይሻል ነበር፤ እዚህ አርጅታለች» ብላ ጻፈች። ሌላዋ ደግሞ «ትንሽ ጨለመ» አለች። ከዱባይ ግን አንድም አበባ አልመጣም። እኔም «አዋቂ ነኝ» ብዬ አልተከራከርኩም፤ የመጀመሪያውን አንድ ቀን ሙሉ የወደድኩት እኔው ነኝና።

ወንድሜ ምንም አልጻፈም። በማግሥቱ፣ እዚህ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ደወለ። ድምፁ ደከም ብሏል። «አንገቷን አየሁት» አለኝ። «ልጅ ሆኜ ጭኗ ላይ ተኝቼ መስመሩን በጣቴ እቆጥረው ነበር። ሦስት ነበር ወይስ አራት? እዚህ አንዱን ነጠላው ሸፍኖታል።» ስልኩን እንደያዝኩ እማዬ ወደተኛችበት ክፍል ሄድኩ፤ ባትሪ አበራሁና ቆጠርኩለት። አራት ነው። ቀጥሎ የልጁን ልጅ ነገር አነሣብኝ። አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚያ ነው የተወለደችው፣ እማዬን በአካል አይታት አታውቅም። የመጀመሪያውን ፎቶ ስታይ «ቆንጆ» ብላ አልፋው ነበር አለኝ። ይህኛውን ስክሪኑ ላይ ስታይ ግን ስልኩን ከእጁ ተቀብላ «አንገቷ ላይ ምንድን ነው የተጻፈው?» ብላ ጠየቀችው፤ እስከ መኝታዋ ሰዓት ድረስ ሲነግራት አመሸ።

ፍሬሙ ውድ ስለነበር አልጣልነውም። አዲሱን ከፊት አድርገን አሮጌውን ከኋላው ተውነው። ልሰቅለው መዶሻ ሳነሣ እማዬ ከለከለችኝ። «ይቺስ እኔ ነኝ» አለች፤ «ግን እኔ እዚሁ ተቀምጬ እሷ ግድግዳ ላይ ምን ታደርጋለች?» በአሮጌ ነጠላዋ ጠቅልላ፣ ለመገነዣዋ ካዘጋጀችው ጨርቅ ጋር ሳጥኗ ውስጥ አስገባችው። ልብስ ለማናፈስ ሳጥኑ ሲከፈት አውጥታ ታየዋለች። ባለፈው ሳምንት መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ስትወለውለው አገኘኋት፤ «ይኼ ሽማግሌ ሁለተኛ ለቡና አልመጣም እንዴ?» አለችኝ።